የጾም ፒታ ሳንዱች ቤት ስንሠራ ብዙዎቻችን የምንሳሳትባቸው ነገሮች

ረቡዕና ዓርብ ሲመጣ ከሽሮና ከበያይነት ሌላ ቀለል ያለ ነገር መብላት የሚያምረው ሰው ባሕር ዳር ውስጥ ብዙ ነው። ፒታ ሳንዱች፣ ማለትም እንደ ኪስ ተከፍቶ በሚሞላ ስስ ክብ ዳቦ የሚሠራው፣ ለዚህ በጣም ይመቻል። ሽምብራው፣ ሰሊጡ፣ ቲማቲሙ፣ አቮካዶው ሁሉም ገበያችን ላይ አለ። ቤት ሲሠራ ግን ወይ ዳቦው ይደርቃል፣ ወይ ርሶ እጅ ላይ ይበተናል።

ትልቁ ስህተት ምጣዱ በደንብ ሳይግል ሊጡን ማሳረፍ ነው። ፒታ ኪስ የሚያወጣው በእንፋሎት ነው። ሊጡ ውስጥ ያለው ውሃ ባንዴ እንፋሎት ሆኖ የላዩንና የታቹን ይለያየዋል። ምጣዱ ለብ ብቻ ካለ እንፋሎቱ ቀስ እያለ ያመልጥና ዳቦው ሳይነፋ ይደርቃል። ስለዚህ ምጣዱን ለእንጀራ እንደምታግሉት አግሉት። ኦቭን ካላችሁ እስከ 250 ዲግሪ ይሙቅ። ሊጡን ግማሽ ሴንቲሜትር ያህል አድርጋችሁ ዳምጡት፤ በሹካ አትውጉት። ምጣድ ላይ ሲያርፍ መጀመሪያ ትንንሽ አረፋ ያወጣል። ያኔ ገልብጡት። አረፋዎቹ እየተገናኙ ይሄዱና ዳቦው በሙሉ ይነሣል። ይህን ማየት ራሱ ደስ ይላል።

ለጤና ብሎ የጤፍ ዱቄት መቀላቀልም አለ። ጤፍ ግሉተን (የስንዴን ሊጥ እንዲለጠጥ የሚያደርገው ፕሮቲን) ስለሌለው እንፋሎቱን አይዝም። 500 ግራም የፉርኖ ዱቄት፣ 300 ሚሊ ሊትር ውሃ፣ አንድ የሻይ ማንኪያ እርሾና አንድ የሻይ ማንኪያ ጨው በቂ ነው። 10 ደቂቃ በደንብ እሹት። መጋቢትና ሚያዝያ ላይ በእኛ ሙቀት ቶሎ ስለሚነሣ ሰዓት አትቁጠሩ፤ እጥፍ መሆኑን እዩ።

የተጋገረውን እንደ እንጀራ ሰፌድ ላይ ዘርግቶ ማቀዝቀዝ ደግሞ ያደርቀዋል። ትኩሱን በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልሉት።

ወደ ሽምብራው እንምጣ። ለፈላፈል፣ ማለትም ተድቦልቡሎ በዘይት ለሚጠበሰው የሽምብራ ቁርስራሽ፣ የተቀቀለ ሽምብራ መጠቀም የተለመደ ስህተት ነው። ዘይት ውስጥ ሲገባ ይበታተናል። ጥሬውን ቢያንስ 12 ሰዓት ዘፍዝፉት፣ ውሃውን አጥልሉትና ሳትቀቅሉ ከሽንኩርት፣ ከነጭ ሽንኩርት፣ ከድንብላልና ከከሙን ጋር ፍጩት። ሲፈጭ ውሃ አትጨምሩበት።

ሁሙስ (ከሰሊጥ ጋር የሚፈጭ የሽምብራ ማባያ) ላይ ነገሩ ተቃራኒ ነው፤ ሽምብራው በጣም መብሰል አለበት። ባሕር ዳር ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር አካባቢ ስለሆነች ውሃ እዚህ የሚፈላው 94 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው። ለዚህ ነው የውጭ አገር አሠራር ላይ የተጻፈው ደቂቃ የማይበቃን። በጣት ስትጫኑት ያለ ትግል ካልደቀቀ አልበሰለም። ሰሊጡንም ጠቆር እስኪል አትቁሉት፣ ይመራል።

ቲማቲም እንደተከተፈ ወደ ዳቦው መክተት ሳንዱቹን ያበላሻል። ከፎገራም ይምጣ ከሌላ ቦታ፣ የበሰለ ቲማቲም ውሃው ብዙ ነው። ፍሬውን አውጡ፣ ጨው ነስንሱበትና 10 ደቂቃ ወንፊት ላይ አቆዩት። የታጠበ ሰላጣም በጨርቅ ይድረቅ። ሁሙሱን መጀመሪያ የዳቦውን ውስጥ ቀቡት፤ እርጥበት ወደ ዳቦው እንዳያልፍ ይከላከላል። ፈላፈሉ ይከተል፣ ቲማቲሙ መሀል ላይ ይሁን።

ማዮኔዝ የምትጨምሩ ደግሞ ጾም ላይ ተጠንቀቁ፤ ብዙውን ጊዜ እንቁላል አለበት። በሎሚ የተፈጨ አቮካዶ ይተካዋል፣ እንዲያውም በጣዕም ይበልጠዋል።

ሌላው፣ ጠዋት ሞልቶ ማታ መብላት ነው። በጀልባ ወደ ዘጌ የምትሄዱ ወይም ጣና ዳር ተቀምጣችሁ ለመብላት ያሰባችሁ እንደሆነ ዳቦውን፣ ፈላፈሉንና አትክልቱን ለየብቻ ያዙ፤ ስትበሉ ሙሉት። ሁሙሱን ሙቀት ላይ ከሁለት ሰዓት በላይ አታቆዩት።