ፍሬሽማን ላይ የኢትዮጵያ ታሪክ እንዴት ይጠናል? (ባቡሩን ከአድዋ በፊት ድሬ ያስገባሁት ልጅ ነኝ)

ፍሬሽማን ገብታችሁ የታሪክ ኮርስ ሲደርሳችሁ ሲኒየሮች የሚሏችሁ አንድ ነገር ነው፣ "ቀላል ነው አቦ፣ ሸምድደህ ግባ"። እኔም ድሬ ስማር ይሄን ሰምቼ ሸምድጄ ገባሁ፣ ሚድ ላይ ከ30 ዘጠኝ አመጣሁ። የምጽፍላችሁ ከዛ በኋላ የገባኝን ነው።

1. ሞጁሉን ያዙና ማውጫውን ሁለቴ አንብቡ። ቴሌግራም ላይ የሚዞረው ሾርት ኖት ለጊዜው ይቆይ፣ ማን እንደጻፈው አይታወቅም፣ ደሞ አንዱ የተሳሳተውን ሌላው ኮፒ እያደረገው ነው የሚሄደው።

2. አቆጣጠሩን ለዩ። እኔን የጣለኝ እዚህ ጋ ነው፣ ስለዚህ ትንሽ ታገሱኝ።

አባባ (የእናቴ አባት ነው፣ ምድር ባቡር ሰርቶ ነው ጡረታ የወጣው) ከልጅነቴ ጀምሮ "ባቡር ድሬ የገባው በ95 ነው" ሲል ነው የሰማሁት። ሞጁሉ ደግሞ አድዋን 1896 ይላል። እኔ 95 ከ96 ይቀድማል ብዬ፣ አጼ ምኒልክ መሳሪያውን በድሬ ባቡር ወደ አድዋ አጓጓዙ፣ ድሉም በዚህ ምክንያት መጣ ብዬ ገጽ ተኩል ሙሉ ጻፍኩ፣ ምክንያትና ውጤት እያልኩ፣ በጣም አምኜበት። ወረቀቱ ሲመለስ መምህሩ በቀይ እስክሪብቶ "በየት በኩል?" ብሎበታል፣ ሌላ ምንም የለም።

የሚገርመው ሁለቱም ቁጥር ልክ ነው። የአባባ 1895 በኛ ነው፣ በፈረንጅ ታህሳስ ላይ ስለሆነ 1902 ይሆናል። የሞጁሉ 1896 በፈረንጅ ነው፣ በኛ 1888። ስለዚህ ባቡሩ ድሬ የደረሰው ከአድዋ ወደ ሰባት ዓመት ገደማ ቆይቶ ነው፣ መስመሩም ወደ ጅቡቲ እንጂ ወደ ትግራይ አይሄድም፣ ይሄንን እንኳን ለገሐር ያደገ ልጅ ማንም ያውቀዋል።

ህጉን ሁሉም ሰው "ስምንት ቀንስ" ብሎ ነው የሚነግራችሁ፣ ግማሽ እውነት ነው። ከመስከረም 1 ጀምሮ የፈረንጆቹ ዲሴምበር እስኪያልቅ (ማለት ታህሳስ 22 አካባቢ ድረስ) ልዩነቱ ሰባት ነው፣ ከዛ በኋላ እስከ ጳጉሜ ስምንት። በዚህ ምክንያት አንድ የፈረንጅ ዓመት ሁለት የኛን ዓመት ይነካል። 1974ን ውሰዱ፣ አብዮቱ የፈነዳው የካቲት 1966 ነው፣ ንጉሱ የወረዱት ደግሞ መስከረም 2 ቀን 1967፣ ሁለቱም ግን በፈረንጅ 1974 ናቸው። "66 ነው 67 ነው" እያለ የሚጨቃጨቅ ሰው ካያችሁ ሁለቱም ልክ ናቸው፣ ሻይ ጋብዟቸው። የሶማሊያ ጦርነት ላይ ግን ሁለቱም ቀን በስምንቱ ልዩነት ውስጥ ነው የሚወድቀው፣ ድሬ ላይ የመጡብን ነሐሴ 1969 ነው (1977)፣ ካራማራ ደግሞ የካቲት 26 ቀን 1970 (1978)።

ቀንም ላይ አንድ ተንኮል አለ። የአድዋ በዓል በፈረንጅ ማርች 2 ነው አይደል የሚውለው? ጦርነቱ የተደረገው ግን ማርች 1 ነው፣ በኛ በሁለቱም የካቲት 23። 1900 በፈረንጅ ለአራት የሚካፈል ዓመት ሆኖ ሳለ ፌብሩዋሪን 29 አላደረጉትም፣ በኛ በኩል ግን ጳጉሜ እንደወትሮው ስድስት ሆናለች፣ ስለዚህ ከዛ ወዲህ ቀኑ በአንድ ፈቀቅ አለ። ሰው "ሞጁሉ ተሳስቷል" ሲል የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው።

መፍትሄው ደብተር ላይ ሁለት አምድ ማስመር ነው፣ በግራ በኛ በቀኝ በፈረንጅ፣ ወር የሌለው ዓመት ደግሞ አይጻፍም። የስልክ መቀየሪያ አፕ አለ፣ እኔ አልወደውም፣ ፈተና ክፍል ስልክ አይገባም፣ በእጃችሁ ሃያ ሰላሳ ቀን ከቀየራችሁ በኋላ ራሱ ይመጣላችኋል።

3. ነገሮቹን አያይዙ። ዝርዝር አይያዝም፣ ሰበብ ግን ይያዛል። አንድ ሰፈራችሁ ያለ ነገር ምረጡና "ለምን?" እያላችሁ ወደ ኋላ ሂዱ። እኔ ድሬን ራሷን ነው የያዝኩት (እዚህ ቁጥር 3 ላይ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በኛ ናቸው)። ድሬ ለምን ተቆረቆረች? ባቡሩ መጀመሪያ የታሰበው ሐረር ድረስ ነበር፣ ተራራውን መውጣት ወጪው ስለከበደ ከታች ሜዳው ላይ ቀረ። ሐረር ለምን ተፈለገች? የቡናና የንግድ ከተማ ናት፣ ግብጾች አስር ዓመት ይዘዋት በ1877 ለቀው ሲወጡ አሚር አብዱላሂ ያዟት፣ ምኒልክ ደግሞ በ1879 ጨለንቆ ላይ አሸንፈው ገቡ፣ ራስ መኮንን ገዢ ሆኑ። አሁን ወደ ፊት ኑ። የባቡሩ ፈቃድ በ1886 ለስዊሱ አልፍሬድ ኢልግ ተሰጠ፣ ስራው ከጅቡቲ ተነሳ፣ ድሬ ደርሶ ገንዘብ አለቀና ቆመ፣ እንግሊዝ ፈረንሳይና ጣልያን በባቡሩና በአገሪቱ ላይ እየተሻኮቱ በ1899 የሶስትዮሽ ውል ተፈራረሙ፣ ምኒልክን ሳያስገቡ። አዲስ አበባ የደረሰው በ1909 ነው። ያው ዓመት መስከረም ላይ ልጅ ኢያሱ ሐረር እያሉ አዲስ አበባ ላይ ከስልጣን ወረዱ። በ1928 ንጉሱ ከጣልያን ሸሽተው የወጡትም በዚሁ ባቡር ነው፣ በድሬ በኩል። ይኸው፣ በአንድ ሃዲድ አራት ምዕራፍ ጨረሳችሁ።

4. ውጡና እዩ። ከዚራ ሰፈር ዛፍ ስር ተቀምጣችሁ አንብቡ፣ ሲሰለቻችሁ የድሮውን ጣቢያ ዙሩ፣ ቅዳሜ ሚኒባስ ይዛችሁ ሐረር ውጡ፣ የጀጎልን በሮች ቆጥራችሁ ራስ መኮንን ቤት ግቡ። ሽማግሌም ጠይቁ፣ ግን ሽማግሌ ዓመት አይነግራችሁም፣ "በጣልያን ጊዜ"፣ "ሶማሌ የገባ ጊዜ" ነው የሚላችሁ፣ የኛ ስራ እሱን ቁጥር 2 ላይ ወዳለው ደብተር ማስገባት ነው። ቁጥር ከነገሯችሁ ደሞ በየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ ጠይቁ፣ አባባን ያኔ ብጠይቀው ኖሮ!

5. ቃላት ላይ ተጠንቀቁ። ጨለንቆን አንዱ "ማቅናት" ይለዋል፣ አንዱ "ወረራ"፣ ዶርም ውስጥ በዚህ ቃል ሌሊቱን ሲጨቃጨቁ ያደሩ ልጆች አውቃለሁ። ወረቀት ላይ መጀመሪያ የሆነውን ጻፉ፣ ማን ከማን የት መቼ፣ ከዛ ማን ምን ብሎ እንደሚጠራው ጻፉ። አንዱን ቃል ብቻ ይዛችሁ ስትሮጡ መምህሩ የሚያነበው ክርክራችሁን እንጂ እውቀታችሁን አይደለም።

6. ማታ። እዚህ አገር ነን፣ ስለ በርጫ ሳልናገር አላልፍም። ፈተና ሊደርስ ሲል ተሰብስበን ቅመን ስናጠና ሁሉም ነገር የገባን ይመስለናል፣ ምርቃናው ላይ እንደውም እኛው ሌክቸር እንሰጣለን፣ ጠዋት ወረቀቱ ላይ ስታፈጡ ግን የምታስታውሱት ሳቁን ብቻ ነው። ተኙ።

7. ፈተና ክፍል። ወረቀቱ እንደደረሳችሁ ከላይ ጥግ ላይ "ሁሉም ዓመት በ… አቆጣጠር" ብላችሁ ጻፉ። ጥያቄው ራሱ በየትኛው እንደሆነ ካልተገለጸ እጅ አውጡ፣ አትፈሩ። እኔ ፋይናል ላይ ጠየቅኩ፣ ፈታኙ ወረቀቱን ገልብጦ አየ፣ "ቆይ" ብሎ ወጣ፣ ከአስር ደቂቃ በኋላ ተመልሶ ቦርዱ ላይ "በአውሮፓ" ብሎ ሲጽፍ ክፍሉ ግማሹ ሰርዞ እንደ አዲስ መጻፍ ጀመረ።