ቀይ ጉሮሮ ሃሚንግበርድን እንዴት መመገብ ይቻላል?

ቀይ ጉሮሮ ሃሚንግበርድ የአበባ ወለላ የምትቀስም ትንሽ ወፍ ናት። በሰሜን አሜሪካ ምሥራቃዊ ክፍል ጫጩቶቿን ትፈለፍላለች፤ ብርዱን ግን በደቡብ ሜክሲኮና በመካከለኛው አሜሪካ ታሳልፋለች። ክብደቷ 3 ግራም ገደማ ነው። ክንፎቿን በሴኮንድ 50 ጊዜ ያህል ስለምታርገበግብ ጉልበቷ ቶሎ ያልቃል፤ ቀኑን ሙሉ ካልቀሰመች አትዘልቅም። በምታልፍበት አገር የሚኖር ሁሉ ሊያግዛት ይችላል።

መጀመሪያ 1 ኩባያ ነጭ ስኳር በ4 ኩባያ ውሃ በደንብ አሟሙተው ያቀዝቅዙ። ማር አይጠቀሙ፤ በውሃ የተበረዘ ማር ቶሎ ይሻግታል። ቀለምም አይጨምሩ፤ መመገቢያው ዕቃ ራሱ ቀይ ከሆነ ታየዋለች።

ቀጥሎ ስኳር ውሃውን በመመገቢያው ሞልተው ጥላ ባለበት ይስቀሉ። ወንዶቹ ከሴቶቹ ቀድመው ይደርሳሉ፤ ጉሮሯቸው ብርሃን ሲያርፍበት እንደ ፍም ይቀላል፣ ዞር ሲሉ ደግሞ ጥቁር ይመስላል። አንዱ ወንድ ሌላውን እያባረረ ካስቸገረ፣ ሁለተኛ መመገቢያ ከእሱ ዕይታ ውጭ ይስቀሉ።

ሦስተኛው ዕጥበት ነው፤ ከሁሉም የሚበልጠውም እሱ ነው። በሙቀት ወቅት በየሁለትና ሦስት ቀኑ መመገቢያውን በሙቅ ውሃና በብሩሽ እስከ ቀዳዳዎቹ ድረስ ይጠቡ። ስኳር ውሃው ከደፈረሰ ወዲያው ይድፉት። ማጠብ የማይችል ሰው ባይሰቅል ይሻላል፤ የተበላሸ ስኳር ውሃ ወፏን ያሳምማታል።

ስኳር ብቻውን ግን አያኖራትም። ጫጩቶቿ የሚያድጉት በጥቃቅን ነፍሳትና ሸረሪቶች ነው፤ ስለዚህ በጓሮዎ ፀረ ተባይ አይርጩ። ሸረሪቷ ለጎጆዋም ታስፈልጋታለች። እናቲቱ ብቻዋን ነው የምትሠራው፦ ለስላሳ የተክል ጥጥ በሸረሪት ድር ታያይዛለች፣ ውጩን በዛፍ ሽበት ትለብጠዋለች። ሁለቱ ጫጩቶች ሲያድጉ ድሩ ስለሚለጠጥ ጎጆውም አብሯቸው ይሰፋል። ረዣዥም ቀይ አበባ ያላቸው የአካባቢው ተክሎች ካሉ ደግሞ ትመላለሳለች።

በመጨረሻ፣ መኸር ሲገባ መመገቢያውን ለማውረድ አይቸኩሉ። ምግብ ስላገኘች ጉዞዋን አትተውም፤ የቀኑ ማጠር ራሱ ያስነሳታል። ከመሄዷ በፊት ስብ አጠራቅማ ክብደቷን እጥፍ ልታደርስ ትችላለች፤ ብዙዎቹ የሜክሲኮን ባሕረ ሰላጤ 800 ኪሎ ሜትር ያህል ሳያርፉ ይሻገራሉና። የመጨረሻዋን ካዩ በኋላም ሁለት ሳምንት ያህል ይተዉት፤ ከሰሜን ዘግይተው የሚመጡ አሉ።