ለሥነ ጥበብ ጥናት ወደ ዋልታ ምርምር ጣቢያ እንዴት ይኬዳል?

በአንታርክቲካ ወይም በአርክቲክ ምርምር ጣቢያ የሚያርፍ ሰዓሊ፣ ፎቶ አንሺ ወይም የድምፅ ቀራጭ የሥራ ቦታ እንግዳ ነው። አልጋው፣ ነዳጁና የአውሮፕላኑ መቀመጫ አስቀድመው ለሳይንስ ሥራ የተመደቡ በመሆናቸው፣ የጉዞው ዕጣ በአብዛኛው የሚወሰነው ከመነሻው ወራት ቀደም ብሎ በጠረጴዛ ላይ በሚሠራው ሥራ ነው።

በመጀመሪያ ጥያቄዎን ይለዩ። የበረዶውን ውበት መሳል እፈልጋለሁ የሚል ማመልከቻ ደካማ ነው፤ ለዚያ ቤት ተቀምጦ ፎቶግራፍ ማየት ይበቃልና። ጥሩ ጥያቄ እዚያ ካልተሄደ መልስ የማይገኝለት ነው። ለምሳሌ በደቡብ ዋልታ በሚገኘው የአሙንድሰን-ስኮት ጣቢያ ፀሐይ በዓመት አንድ ጊዜ ብቻ ወጥታ አንድ ጊዜ ብቻ ስለምትጠልቅ፣ በበጋ የአንድ ምሰሶ ጥላ በ24 ሰዓት ውስጥ ርዝመቱን ሳይለውጥ ዙሪያውን ይዞራል። ስለ ጥላ የሚመራመር ሠዓሊ ይህን ብሎ ሲጽፍ ገምጋሚዎቹ ለምን መሄድ እንዳለበት ወዲያው ይገባቸዋል።

ጣቢያውን የሚመርጠው ጥያቄው ይሁን። ከኒውዚላንዷ ክራይስትቸርች በአውሮፕላን የሚደረስበት የአሜሪካው ማክመርዶ ጣቢያ ወርክሾፖችና መንገዶች ያሉት፣ በበጋ ትንሽ ከተማ የሚመስል ሰፈር ሲሆን፣ ፓልመር ጣቢያ ግን ከቺሊዋ ፑንታ አሬናስ በመርከብ የድሬክን መተላለፊያ አቋርጠው የሚደርሱበት ጥቂት ሰዎች ብቻ የሚኖሩበት ቦታ ነው። በሰሜን በኩል በኖርዌይ ስቫልባርድ ደሴቶች የምትገኘው ኒ-ኦለሱንድ የምርምር መንደር ለብዙ አርቲስቶች ያልጠበቁት ጣጣ አላት፤ ስስ የሬዲዮ መለኪያዎች ስላሉባት በ20 ኪሎ ሜትር ክልል ውስጥ ዋይፋይና ብሉቱዝ መጠቀም የተከለከለ ነው። ገመድ አልባ ማይክሮፎንም ሆነ ከስልክ ጋር በብሉቱዝ የሚገናኝ ካሜራ እዚያ እንዳሰቡት አያገለግልም፤ ገመድ ይያዙ።

ቀጥሎ ጋባዥ መፈለግ ነው። የአሜሪካ ብሔራዊ የሳይንስ ፋውንዴሽን ለብዙ ዓመታት ሠዓልያንንና ጸሐፍትን ወደ ጣቢያዎቹ ሲልክ ቆይቷል፤ አውስትራሊያና አርጀንቲናም የየራሳቸው መርሐ ግብር አላቸው። መርሐ ግብሮቹ በየዓመቱ ላይከፈቱ ስለሚችሉ፣ ጥሪውን ከመጠበቅ ጎን ለጎን በዚያ ጣቢያ የሚሠራ የምርምር ቡድን ፈልጎ መጻፍ ይጠቅማል። በማመልከቻው ስንት ቀን፣ ስንት የመስክ ጉዞና ስንት ኪሎ ጭነት እንደሚያስፈልግ በግልጽ ይጻፉ። በእኔ ግምት ትንሽ የሚጠይቅ ዕቅድ ብዙ ያገኛል፤ ሄሊኮፕተር ሳይኖር ሊፈጸም የማይችል ሥራ በአንድ ቀን መጥፎ አየር ይፈርሳል።

የጤናና የጥርስ ምርመራው ጥብቅ ነው፤ ቀላል የጥርስ ሕመም እዚያ በአውሮፕላን ወደ ውጭ የሚያስወጣ ችግር ሊሆን ስለሚችል ቀደም ብለው ይታከሙ። የአካባቢ ፈቃዱ ደግሞ የሥራውን ዓይነት ሊለውጥ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ1991 ተፈርሞ በ1998 ሥራ ላይ በዋለው የአንታርክቲካ አካባቢ ጥበቃ ፕሮቶኮል መሠረት ማንኛውም ሥራ አስቀድሞ ይገመገማል፤ በበረዶ ላይ ቀለም ማፍሰስ ወይም ጨርቅ መዘርጋት የሚያስብ ሰው ይህን ከመጀመሪያው ይወቅ። ከመነሳትዎ በፊት የኪስዎን፣ የቦርሳዎንና የጫማዎን ስፌት ይጥረጉ፤ የተጣበቀ የሣር ዘር ለአህጉሩ ባዕድ ነውና። በስቫልባርድ ከሰፈር ሲወጡ የዋልታ ድብ ማስፈራሪያ መያዝ ግዴታ ነው። ጦር መሣሪያ የያዘ ጠባቂ ሳይመደብልዎ ብቻዎን ተቀምጦ መሳል አይታሰብም፤ ጠባቂው ደግሞ ቆሞ ስለሚበርደው የአንድ ንድፍ ጊዜዎን በእሱ ትዕግሥት ይለኩ።

በዕቃ ዝግጅት ላይ ጊዜ አይቆጥቡ። ውሃ ቀለም ብሩሹ ላይ እያለ ይረጋል፤ አክሪሊክ ከቀዘቀዘ ሊበላሽ ይችላል፤ የዘይት ቀለም ባይረጋም እየወፈረ አልታዘዝ ይላል። ሳይንገራገር የሚሠራው እርሳስ ነው። በእንግሊዛዊው አሳሽ ሮበርት ስኮት የአንታርክቲካ ጉዞዎች የተሳተፈው ሐኪምና ሠዓሊ ኤድዋርድ ዊልሰን ሜዳ ላይ በእርሳስ ብቻ እየነደፈ የቀለሞቹን ስም በንድፉ ላይ ይጽፍ ነበር፤ ውሃ ቀለሙን የሚቀባው ወደ ጎጆው ከተመለሰ በኋላ ነው። ከመቶ ዓመት በላይ ያለፈው ይህ ዘዴ ዛሬም የሚበልጠው የለም። ከጉዞው በፊት የራስዎን የቀለም ቃላት ቢያዘጋጁና ቁጥር ቢሰጧቸው፣ በወፍራም ጓንት ውስጥ ያለ እጅ «3፣ ወደ 7 ያደላ» ብሎ ለመጻፍ አይቸገርም። ዊልሰን ያለ መነጽር ሲነድፍ በበረዶው ነጸብራቅ ዓይኑ ለጊዜው ታውሮ በጽኑ ተሠቃይቷል፤ ስለዚህ ጥቁር መነጽርዎ የሚለውጠውን የቀለም ልዩነት ቤትዎ ሳሉ አጥንተው ይሂዱ እንጂ ሜዳ ላይ አያውልቁት።

የካሜራ ባትሪ በብርድ ቶሎ ስለሚደክም ትርፍ ባትሪዎችን ከገላዎ አጠገብ ባለ ኪስ ይያዙ። ከውጭ የመጣ ካሜራ በሞቀ ክፍል ውስጥ ጤዛ ይለብሳል፤ ገና ውጭ ሳሉ በፕላስቲክ ከረጢት አሽገው ካስገቡት በኋላ እስኪሞቅ ለሰዓታት አይክፈቱት። ብረቱን በፕላስተር ይጠቅልሉ። የስኮት ፎቶ አንሺ ኸርበርት ፖንቲንግ ፎከስ ሲያደርግ ምላሱ የካሜራውን ብረት ነክቶ ወዲያው ተጣብቆበታል።

ጣቢያው ሲደርሱ የደኅንነት ሥልጠናው ይቀድማል። ከዚያ በኋላ ያሉትን የመጀመሪያ ቀናት ምንም ሳይሠሩ ሰው ሲሠራ ይመልከቱ፤ ምግብ ቤት ዕቃ ማጠብ ወይም ጭነት ማውረድ ቢጠየቁ እሺ ይበሉ፤ የበረዶ ቆፋሪዎቹና የመካኒኮቹ ወሬ የሚሰማው እዚያ ነው። ሰማይና ምድር አንድ ነጭ ሆነው አድማስ ሲጠፋ ቅርብና ሩቅ ስለማይለይ ከመውጣት ይቆጠቡ፤ ያን ቀን ንድፎችዎን ቀን፣ ሰዓት፣ የሙቀት መጠንና የነፋስ አቅጣጫ እየጻፉ ያደራጁ። ድምፅና ምስልም በሁለት የተለያዩ ዲስኮች ይቅዱና በተለያየ ሻንጣ ይያዟቸው።

የቀለም ናሙናዎቹን እዚያው በሙቅ ክፍል ውስጥ፣ የዕለቱን ንድፍ በዕለቱ፣ ከቁጥሮቹ አጠገብ ይቀቡ። አገር ቤት ከተመለሱ በኋላ ዓይን አረንጓዴና ቡናማ ለምዶ የበረዶውን ሰማያዊ ከነበረው ይልቅ አድምቆ ስለሚያስታውስ፣ ከአንድ ወር በኋላ የሚቀባ ናሙና አይታመንም።