የመካከለኛው ዘመን የብረት ቁር ሲሠሩ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

የመካከለኛው ዘመን አውሮፓ ፈረሰኞች ያደርጉት የነበረውን ዓይነት የራስ ቁር በትርፍ ጊዜያቸው ለመሥራት የሚነሡ ጀማሪዎች ሥራው ሲበላሽ የሚያማርሩት መዶሻቸውን ነው። በእኔ አስተያየት ግን አብዛኛው ቁር የሚበላሸው ገና ላሜራው ሳይቆረጥ ነው።

በሚያምረው መጀመር፦ በ14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የተስፋፋው ባሲኔት የተባለው ቁር፣ ሹል አናቱ ዓይን ይስባል። ያ አናት ግን ከአንድ ላሜራ ተቀጥቅጦ የሚወጣ ስለሆነ የሠለጠነ እጅ ይፈልጋል። ለመጀመሪያ ሥራ በዘመን ከእርሱ የሚቀድመው፣ ራስንና ፊትን እንደ በርሜል የሚሸፍነው ግሬት ሄልም ይሻላል። አምስት ላሜራዎች ተቆርጠው፣ ታጥፈውና በሪቬት (ጫፉ ተቀጥቅጦ ብረትን ከብረት በሚያያይዝ ምስማር) ተያይዘው ያልቃል።

ራስን ያለ ገበር መለካት፦ ከሁሉ የከፋው ይህ ነው። ቁሩ የሚያርፈው በሱፍ ወይም በጥጥ በተሞላው ገበር ላይ ነው። የራስዎ ዙሪያ 58 ሴንቲ ሜትር፣ የገበሩ ውፍረት 2 ሴንቲ ሜትር ቢሆን፣ በዙሪያው ላይ የሚጨመረው 2 ወይም 4 ሳይሆን 12 ሴንቲ ሜትር ተኩል ያህል ነው (በሁለቱ ወገን የሚጨመረው 4 ሴንቲ ሜትር በ3.14 ሲባዛ)። ስለዚህ የቁሩ ውስጠኛ ዙሪያ ከ70 ሴንቲ ሜትር ያልፋል። ላሜራዎቹ ለሚደራረቡበት ደግሞ ሌላ ትርፍ ይተዋል። በዚህ ላይ የሰው ራስ ክብ አይደለም፤ ከፊት ወደ ኋላ ይረዝማል። እንደ ቧንቧ አክብቦ የጠቀለለ ሰው ግንባሩ ይጠብበታል፣ ጆሮው ዘንድ ይሰፋበታል። አስቀድመው በካርቶን ይሥሩት፤ ገበሩን አድርገው ይልበሱትና አንገትዎን ያዙሩ። የታችኛው ጠርዝ ትከሻዎን ከነካ የሚቀነሰው ያን ጊዜ ነው። ካርቶን በመቀስ ይቆረጣል፣ ዋጋውም ከምንም አይቆጠርም።

ያገኙትን ላሜራ መግዛት፦ ዚንክ የተለበጠ ላሜራ በእሳት ሲግል የሚወጣው ጭስ ከሰዓታት በኋላ እንደ ወባ የሚያንቀጠቅጥ ትኩሳት ያስይዛል። ያልተለበጠ ተራ ብረት ይግዙ። ውፍረቱንም አይናቁ፤ በ1966 በካሊፎርኒያ የተመሠረተው፣ የመካከለኛውን ዘመን ፍልሚያ በትርፍ ጊዜ የሚያስመስሉ ሰዎች ማኅበር የሆነው ሶሳይቲ ፎር ክሪኤቲቭ አናክሮኒዝም ለፍልሚያ የሚለበስ ቁር ከ1.6 ሚሊ ሜትር በሳሳ ብረት እንዳይሠራ በደንቡ ያዛል።

ጠርዙን በአንድ ትንፋሽ ማጠፍ፦ የአናቱ ላሜራ ጠርዝ ወደ ታች ሲታጠፍ ብረቱ የሚሰበሰብበት ቦታ ስለሚያጣ ይጨማደዳል። ችኩሉ ሰው ጭምድዱን ደርቦ ይመታዋል፤ ተደርቦ የተመታ ጭምድድ ደግሞ ውሎ አድሮ ስንጥቅ ይሆናል። ዙሪያውን ጥቂት በጥቂት እያጠፉ ደጋግመው ይዙሩት፣ ትንሹን ጭምድድም ሳይገለበጥ ያስተኙት። ብረት በቀዝቃዛው በተመታ ቁጥር ይጠነክራል፤ መዶሻው መንጠር ሲጀምር ደም እስኪመስል አግለው በራሱ ጊዜ እንዲቀዘቅዝ ይተዉት። ጉልበት መጨመር መፍትሔ አይደለም። የመዶሻዎንም ጠርዝ በሞረድ ያለዝቡ፤ ሹል ከሆነ በየምቱ የጨረቃ ግማሽ የመሰለ ጠባሳ ይተዋል፣ እርሱን በብርጭቆ ወረቀት ማጥፋትም ከቅጥቀጣው የባሰ አሰልቺ ነው።

የሪቬቱን ቀዳዳ ሁሉ አስቀድሞ መብሳት፦ ብረቱ ሲታጠፍ ስለሚንሸራተት አይገጥሙም። አንዱን ይብሱ፣ በትንሽ ብሎን ያያይዙት፣ ከዚያ ወደሚቀጥለው ይሂዱ።

የዓይኑን ክፍተት ማስፋት፦ በላይኛውና በታችኛው የፊት ላሜራ መካከል የሚቀረው ክፍተት ጠባብ ሆኖ ሲታይ ያስፈራል፤ ለዓይን ሲቀርብ ግን በቂ ያሳያል። ከላይ የጠቀስኩት ማኅበር ደንብ 25 ሚሊ ሜትር ያህል ውፍረት ያለው ዱላ በፊት መሸፈኛው በየትኛውም ቀዳዳ እንዳያልፍ ይጠይቃል። እኔ ከዚያ ግማሽ በታች እመርጣለሁ።

የአገጭ ማሰሪያውን መርሳት፦ ያለ እርሱ ቁሩ በአንድ ምት ዞሮ የዓይኑ ክፍተት ጆሮ ላይ ይደርሳል፣ ለባሹም ምንም አያይም። የማሰሪያውን ሪቬት ገበሩ ከመገጠሙ በፊት ይምቱት፤ ከዚያ በኋላ እጅም መዶሻም አይገባም።