ተልባን ለልብ ጤና ማዘጋጀት፦ ከመቁላት እስከ መጠጣት

ለደም ግፊትና ለኮሌስትሮል ይረዳሉ ከሚባሉት ዕፅዋት እኔ የማስቀድመው ተልባን ነው። ነጭ ሽንኩርትም ከርከዴም የየራሳቸው ጥቅም አላቸው፤ ተልባ ግን ከአርሲና ከባሌ እስከ ጎጃም ይመረታል፣ በየገበያውም አይጠፋም። በ2013 እ.ኤ.አ. የታተመ አንድ የካናዳ ጥናት፣ የእግራቸው ደም ሥር የጠበበባቸው ሕሙማን በየቀኑ 30 ግራም የተፈጨ ተልባ ለ6 ወር ሲመገቡ፣ የላይኛው የደም ግፊታቸው ካልተመገቡት ጋር ሲነጻጸር በ10 ነጥብ ገደማ ዝቅ ብሎ መገኘቱን አሳይቷል። ተልባው የተሰጣቸው ከሕክምናቸው ጋር እንጂ በሕክምናቸው ምትክ አልነበረም። ስለዚህ ከዚህ በታች የምጽፈው ሁሉ ኪኒናውን ለማያቋርጥ ሰው ነው።

1. አስቀድመው ግፊትዎን ይለኩ። ለአንድ ሳምንት ጠዋትና ማታ፣ 5 ደቂቃ ያህል አረፍ ብለው ከተቀመጡ በኋላ ይለኩና ይጻፉት። ቡና ከተጠጣ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ የተለካ አይታመንም። መለኪያውን የሚገዙ ከሆነ በክንድ ላይ የሚታሰረውን ይምረጡ፤ የእጅ አንጓውን አልመክርም።

2. ተልባውን በሰፌድ ያበጥሩና ጠጠሩን ይልቀሙ። ማጠብ የለም። ውሃ ከነካው ይዝለገለጋል፤ ከዚያ በኋላ ለመቁላት አይሆንም።

3. መቁላት። ብዙ ሰው ተልባውን የሚያበላሸው እዚህ ላይ ነው። የተልባ ፍሬ ሲሶው ያህሉ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ፣ ዘይት ነው፤ ለልብ ይጠቅማል የሚባለው ኦሜጋ 3 ያለውም በዚሁ ዘይት ውስጥ ሲሆን ኃይለኛ እሳት ያበላሸዋል። የምንቆላው ፍሬው ደርቆ በቀላሉ እንዲደቅና የጥሬነት ጠረኑ እንዲጠፋ ነው፤ እንደ ቡና እስኪጠቁር የሚጠብቅ ሰው ዘይቱን አቃጥሎ ምሬቱን ይጠጣል።

ምጣዱን በመጠነኛ እሳት ያሙቁ፤ ተልባውን እንዳይደራረብ በስሱ ይበትኑና በማማሰያ ሳያቋርጡ ያማስሉ። ጥቂት ቆይቶ እንደ ተረቱ መንጫጨት ይጀምራል፤ አንዳንዱም ከምጣዱ ይዘላል። ያኔ ከሰዓት ይልቅ ጆሮዎንና ጥርስዎን ይመኑ። አንድ ፍሬ አንስተው ሲነክሱት ቀጭ ብሎ ከተሰበረና ውስጡ ፈካ ያለ ከሆነ በቅቶታል። ጭስ ከታየ አልፏል። እሳቱን ማጥፋት ብቻ አይበቃም፤ የሸክላም የብረትም ምጣድ ሙቀቱን ይዞ ስለሚቆይ ፍሬውን ወዲያውኑ ሰፊ ትሪ ላይ ገልብጠው ይበትኑት።

4. ሲቀዘቅዝ ይፍጩት። ሙሉው ፍሬ ቅርፊቱ ጠንካራ ስለሆነ በአብዛኛው ሳይፈጭ ከሆድ ይወጣል፤ ስለዚህ ይህን መዝለል አይቻልም። ሙቀጫ ጥሩ ነው፤ የኤሌክትሪክ የቡና መፍጫም አጥርተው ካጸዱት ይሠራል፣ ብቻ እንዳይግል እያቋረጡ ያስነሡት። ተፈጭቶ በገበያ የተዘረጋውን ግን አይግዙ። የተፈጨ ተልባ አየር ሲያገኘው ዘይቱ ቶሎ ይበላሻል፤ ቀለም ቀለም የሚሸት ዱቄት ተበላሽቷል ማለት ነው። የሳምንት ብቻ ይፍጩና በጠርሙስ ከድነው ማቀዝቀዣ ውስጥ ያኑሩት።

5. አንድ የሾርባ ማንኪያ ዱቄት በትልቅ ብርጭቆ ውሃ በጥብጠው፣ ጥቂት ወፈር ሲል አማስለው ከነዝቃጩ ይጠጡ። በልማድ ተልባው ይጠለልና ዝቃጩ ይደፋል፤ ለጨጓራ ማለስለሻ ይህ ይበቃ ይሆናል፣ ለልብ ግን ዘይቱም አብዛኛው አሰርም የሚቀሩት በዝቃጩ ውስጥ ነው። ሆድዎ ሲለምደው ቀስ በቀስ ይጨምሩ፤ በጥናቱ የተሰጠው 30 ግራም ወደ 4 የሾርባ ማንኪያ ገደማ ይሆናል። ውሃ ካነሰ ሆድ ያደርቃል፤ አንጀት እስከ መዝጋት የደረሰበትም አለ። ስኳር አይጨምሩ። ፍትፍት ካሰኘዎት ሚጥሚጣው ይሁን፣ ጨውን ግን ይቀንሱ፤ ግፊት ለማውረድ የተዘጋጀን ምግብ ጨው መልሶ ያከሽፈዋል።

ተልባውና ኪኒናው አብረው አይወሰዱ። ዝልግልጉ መድኃኒቱ ወደ ደም እንዳይገባ ሊያዘገየው ስለሚችል ቢያንስ የአንድ ወይም የሁለት ሰዓት ልዩነት ያድርጉ። ደም እንዳይረጋ ዋርፋሪን ወይም አስፕሪን የሚወስዱ፣ ለቀዶ ጥገና ቀጠሮ የተያዘላቸው፣ የስኳር መድኃኒት የሚወስዱና ነፍሰ ጡሮች ከመጀመራቸው በፊት ሐኪማቸውን ይጠይቁ። መዋጥ የሚያስቸግረው ወይም የአንጀት መጥበብ ያለበት ሰው አይጀምር። ደረት ሲጨንቅ፣ ሕመሙ ወደ ክንድ ወይም ወደ መንጋጋ ሲሄድ፣ ላብ ሲያጠምቅ ተልባ መበጥበጥ ሳይሆን 907 ደውሎ አምቡላንስ መጥራት ነው።

ከሁለት ወር በኋላ እንደ መጀመሪያው ሳምንት ጠዋትና ማታ ለክተው ሁለቱን መዝገቦች ለሐኪምዎ ያሳዩ። ቁጥሩ ቢወርድ እንኳ የመድኃኒቱን መጠን የሚቀንሰው እሱ ነው።