ስለ እርጅና ሲወራ የሚያናድዱኝ ስህተቶች

እርጅናን ማስተማር የሚከብደው ሁሉም መልሱን ይዞ ስለሚመጣ ነው። ድሬዳዋ ውስጥ ባዮሎጂ ሳስተምር የሰለቹኝን ልንገራችሁ።

«ሰውነት እንደ ባጃጅ ያልቃል።» ባጃጅ ቆሞ ራሱን አይጠግንም። የእናንተ ቆዳ ግን ሲቆረጥ ይድናል፤ አጥንታችሁ ሲሰበር ይገጥማል። መጠየቅ ያለበት ጥገናው ከዕድሜ ጋር ለምን እንደሚላላ ነው።

«የምናረጀው ለልጆች ቦታ ለመልቀቅ ነው።» አቦ፣ ይሄን ተዉት! በየዓመቱ ፈተና ወረቀት ላይ አነበዋለሁ። ደግ ሐሳብ ስለሚመስል አእምሮ ላይ ይጣበቃል። እስቲ ሁለት አይጦች አስቡ። አንዱ ለሌላው ብሎ ቶሎ ያረጃል፣ ሌላው ሳያረጅ መውለዱን ይቀጥላል። የማን ዘር ይበዛል? ደግሞስ ሜዳ ላይ ያለ አይጥ መቼ አርጅቶ ያውቃል? አብዛኛው ገና በጉብዝናው የጉጉት ወይም የረሃብ ሲሳይ ነው። የባዮሎጂ ሊቁ ፒተር ሜዳዋር እ.ኤ.አ. በ1952 ያሳየው ይህንኑ ነው፦ በስተርጅና ብቻ የሚጎዳ ጂን ጉዳቱ ሳይታይ ባለቤቱ በሌላ ምክንያት ስለሚሞት፣ የተፈጥሮ ምርጫ አያጠራውም። ሌላው የባዮሎጂ ሊቅ ጆርጅ ዊሊያምስ በ1957 ጨመረበት፦ በወጣትነት ጠቅሞ ኋላ የሚጎዳ ጂን እንዲያውም ይመረጣል።

«ትንሽ እንስሳ ቶሎ ያረጃል።» ብዙ ጊዜ እውነት ነው፤ አፍራሹ ግን እዚሁ ጎረቤታችን አለ። በምሥራቅ ኢትዮጵያ ቆላ ከመሬት በታች የሚኖረው ፀጉር አልባ ፍልፈል በመጠኑ ከአይጥ ብዙም አይበልጥም። የቤት አይጥ ሦስት ዓመት ከሞላች ብዙ ኖረች፤ እሱ ከ30 ዓመት በላይ ይኖራል። ጉድጓዱ ከአዳኝ ስለሚሸሽገው የሜዳዋር ሐሳብ የሚጠብቀውም ይህንኑ ነው። የሌሊት ወፍም በርራ ታመልጣለች፤ ሳይቤሪያ ውስጥ ሰባት ግራም ገደማ የሚመዝን ዝርያ 41 ዓመት መኖሩ ተመዝግቧል።

«ቴሎሜርህ የረዘመ እንደሆነ ዕድሜህም ይረዝማል።» ቴሎሜር የክሮሞዞም ጫፍ መሸፈኛ ነው። የአይጥ ቴሎሜር ከሰው ይረዝማል፤ ዕድሜዋን ግን ከላይ አይታችኋል። ጨረስኩ።

«ድሮ አማካይ ዕድሜ 30 ስለነበር ሰው በ30 ያረጅ ነበር።» አማካዩን ወደ ታች የጎተተው የሕፃናት ሞት ነው። ጀጎል ውስጥ ያኔም ሽማግሌ ነበር።

ፀረ ኦክሲደንት ኪኒን ወጣት ያደርጋል ለሚላችሁ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1994 የወጣውን የፊንላንድ ጥናት ንገሩት። ከእነዚሁ ፀረ ኦክሲደንቶች አንዱ የሆነውን ቤታ ካሮቲን የወሰዱ አጫሾች ላይ የሳንባ ካንሰር ይቀንሳል ተብሎ ሲጠበቅ ጨመረ።