ግቢያችሁ ውስጥ ሌሊት ሰው የሚገባ ከመሰላችሁ

ብዙ ተከራይ ባለበት ግቢ የኖረ ሰው ነገሩ እንዴት እንደሚጀምር ያውቀዋል። አንድ ቀን ከገመድ ላይ ልብስ ይጎድላል። ሌላ ቀን ማታ የተዘጋው የውጭ በር ጠዋት ገርበብ ብሎ ይገኛል። አንዷ «ሌሊት ኮቴ ሰማሁ» ትላለች፣ ሌላው «ባክሽ ድመት ነው» ይላል፣ ሳምንት ሳይሞላ ሁሉም ጎረቤቱን በጎሪጥ ማየት ይጀምራል።

አጥር ላይ ሽቦ ለመጨመር አትቸኩሉ። መጀመሪያ ቁልፍ ቁጠሩ። የውጭ በሩን ቁልፍ ማን ማን ይዟል? አከራይዋ፣ ልጃቸው፣ ተከራዮቹ በሙሉ፣ ቅዳሜ እየመጣ የሚያድረው የአንዱ ተከራይ ወንድም፣ ልብስ የምታጥበው ልጅ። በዚህ ላይ የለቀቁትን ጨምሩ። ተከራይ ሲለቅ የውሃና የመብራት ሒሳብ አጥብቆ ይጠየቃል፤ ቁልፍ ግን ብዙ ጊዜ ኪሱ ውስጥ እንዳለ ይሄዳል። ቢመልስም ቁልፍ ቀራጩ ጋ ሄዶ ቅጂ ማስወጣት የደቂቃዎች ሥራ ነው። ስለዚህ «እትዬ፣ ከእኔ በፊት የነበረው ልጅ ቁልፉን መልሶ ነው የሄደው?» ብላችሁ ጠይቁ። መልሱ «መሰለኝ» ከሆነ ቁልፉ መቀየር አለበት። ሲሊንደር ያለው ከሆነ ሲሊንደሩን ብቻ መቀየር ይበቃል፣ ወጪውም ለሁሉም ሲካፈል አይከብድም። አዲሱን ቁልፍ የወሰደ ሰው ስሙ ይጻፍ። በአዋጅ ቁጥር 1320/2016 የመኖሪያ ቤት ኪራይ ውል በጽሑፍ ሆኖ መመዝገብ ስላለበት «ተከራይ ሲለቅ ቁልፍ ያስረክባል» የምትል አንድ መስመር እዚያው ላይ ማስገባት ነው።

እውነት ሰው እየገባ መሆኑን ማጣራት ከፈለጋችሁ ዘዴው ቀላል ነው። ሁሉም ከገባ በኋላ አንድ የክብሪት እንጨት በበሩና በመቃኑ መካከል፣ ከጉልበት ዝቅ አድርጋችሁ ሸጉጡ። በሩ ከተከፈተ ይወድቃል፣ በጨለማ የሚገባ ሰው ደግሞ አያየውም። ለአጥሩ የከሰል አመድ ይሠራል፦ በበጋ የአጥሩ ጫፍ ላይ በስሱ በትኑት፣ የተንጠላጠለ እጅ ምልክት ይተዋል። ማድረጋችሁን ለአንድ ለምታምኑት ሰው ብቻ ንገሩ። ግቢው በሙሉ ካወቀው ዋጋ የለውም።

አሁን የውጭ በሩን እዩ። ብዙ የላሜራ በር ከውጭ እጅ አስገብቶ መክፈቻ ቀዳዳ አለው። እጃችሁን አስገቡና እስከየት እንደሚደርስ ሞክሩት። መቀርቀሪያው ላይ ከደረሰ የሌባውም ይደርሳል። መፍትሔው በያጅ ጠርቶ ክንድ የማይደርስበት ቦታ፣ በሩ ግርጌ ላይ፣ ሁለተኛ መቀርቀሪያ ማስበየድ ነው። ሌሊት በዚያ ይዘጋል፤ ከማታ 4 ሰዓት በኋላ የሚገባ ሰው ደውሎ ያስከፍታል። እዚህ ላይ ጭቅጭቅ መነሳቱ አይቀርም፣ በተለይ ሥራው የማታ የሆነ ተከራይ ካለ፣ ግን በተራ የሚከፍት ሰው ከመደባችሁ ይለመዳል። አደራ፣ በሩን ከውስጥ በጓጉንቸር ቆልፋችሁ ቁልፉን አንድ ሰው ይዞት እንዳይተኛ። እሳት ቢነሳ ሁላችሁም ትታገዳላችሁ።

የየራሳችሁ ክፍል ላይ ጓጉንቸሩን ሳይሆን ጓጉንቸሩ የሚንጠለጠልበትን ብረት ተመልከቱ። ብሎኖቹ ከውጭ የሚታዩ ከሆነ ውድ ጓጉንቸር መግዛት ገንዘብ ማባከን ነው፣ ምክንያቱም ሌባው ጓጉንቸሩን ሳይነካ ብሎኑን በካቻቢቴ ፈትቶ ይገባል። በሩን ዘልቆ ከውስጥ በዳዶ የሚታሰር ብሎን አስገቡ፣ ወይም አስበይዱት። ወደ ውጭ የሚከፈት በር ከሆነ ማጠፊያውም ውጭ ነው፤ ፒኑ እንዳይወጣ ጫፉን ነካ አድርጎ መበየድ ይበቃል።

ቀና በሉና ኮርኒሱንም እዩ። ተደርድረው የተሠሩ ሰርቪስ ክፍሎች ግድግዳቸው ብዙ ጊዜ ኮርኒሱ ጋ ያበቃል። ከዚያ በላይ ከዳር እስከ ዳር አንድ ባዶ ቦታ ነው። ዳር ያለው ክፍል ባዶ ከሆነ፣ እዚያ የገባ ሰው በጣሪያው ሥር ተስቦ የማንኛችሁም አልጋ ላይ መውረድ ይችላል፤ የማዳበሪያ ወይም የችፑድ ኮርኒስ ደግሞ ማንንም አይከለክልም። አከራያችሁን ግድግዳውን እስከ ቆርቆሮው እንዲያስጨርሱ ጠይቁ። እስከዚያው የሚከራይ ያጣው ክፍል በደንብ መቆለፉን አረጋግጡ።

ግቢውን ስትዞሩ መሰላል የሚሆን ነገር ፈልጉ። አጥር ጥግ የቆመ የሮቶ ማስቀመጫ፣ ከግንባታ የተረፈ አጣና፣ የተደራረበ ብሎኬት። ሮቶው ካልተነሳ ቢያንስ በእሱ በኩል መብራት ይኑር። መርካቶ ሰው ሲያልፍ የሚበራ የሶላር መብራት ይሸጣል፣ እኔ ከካሜራ እሱን አስቀድማለሁ፦ መብራት ሲጠፋም ይሠራል፣ ቆጣሪ ላይም «ማን ነው የሚከፍለው» አያስብልም። ካሜራ ካስገባችሁ ወደ ውጭ በሩ ብቻ ይዙር። የሰው ክፍልና የጋራ ሽንት ቤት ላይ የተተከለ ካሜራ ከሌባው የባሰ ጠብ ያመጣል።

ጥርጣሬን በተመለከተ፣ እቃ ሲጠፋ ሁልጊዜ ጣት የሚቀሰረው የቤት ሠራተኛዋ ላይ ነው። ቁልፉን ሳትቆጥሩ፣ ክብሪቱን ሳታዩ ማንንም አትክሰሱ። ስብሰባውም «ማን ነው?» ብሎ አይጀመር። «ከዛሬ ጀምሮ በሩን እንዴት እንዝጋ?» ሲባል ሁሉም ይናገራል።

ሰውየው ውስጥ እያለ ከነቃችሁ አትውጡ። በራችሁን ቀርቅሩ፣ መብራት አብሩ፣ ጎረቤቶቻችሁን በስማቸው ጮክ ብላችሁ ጥሩ። «ሌባ! ሌባ!» ካላችሁ ሰፈሩ ዱላ ይዞ ነው የሚወጣው፤ የገባው በር የተሳሳተ ሰካራም ቢሆንስ? በ1996 የወጣው የወንጀል ሕግ ራስን መከላከልን ቢፈቅድም ለመከላከል ከሚያስፈልገው በላይ መሄድ ያስጠይቃል። ለፖሊስ 991 ደውሉ፣ የአቅራቢያችሁን ጣቢያ ቁጥርም አስቀድማችሁ መዝግቡ። የደነገጠ ሰው አቅጣጫ መናገር ስለሚያቅተው ወረዳውን፣ የሰፈሩን መጠሪያ፣ ቅርብ ያለውን ቤተ ክርስቲያን ወይም መስጊድ፣ የበሩን ቀለም ወረቀት ላይ ጽፋችሁ ከበራችሁ ጀርባ ለጥፉት።

ሐምሌና ነሐሴ ላይ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው አጠገብ ያለ ሰው ድምፅ እንኳ አይሰማም። አመዱንም ያጥበዋል። ስለዚህ የበያጁን ሥራ ሰኔ ሳይገባ ጨርሱት። ለእንቁጣጣሽ አገር ቤት የምትሄዱ ካላችሁ ደግሞ ማን እንደሚቀር ተነጋገሩ፤ የሚቀረው ሰው የሁላችሁንም ስልክ ይያዝ።